የሞተር ሳይክል መቀመጫ አልከፈት ሲል ምን ይደረጋል?

ዓምድ፦ ሳይንስ በሰፈራችን
አዘጋጅ፦ ከ8ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

ዛሬ በዚህ ዓምድ ይዤላችሁ የቀረብኩት ከመማሪያ መጽሐፍ ላይ ሳይሆን ከሰፈራችን ያገኘሁትን ትምህርት ነው። ርዕሱን አይታችሁ «እኛ ተማሪዎች ሞተር ምን ያደርግልናል?» እንዳትሉ። እዚህ ቡራዩ አባቱ፣ አጎቱ ወይም ወንድሙ በሞተር ሠርቶ የሚያድር ተማሪ በየክፍሉ አለ። የእኔም ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛው አጎቴ በአሮጌ ሞተሩ ዕቃ እያደረሰ በሚያገኘው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲቆም ቤታችን ውስጥ ብዙ ነገር ይቆማል።

መቀመጫው ሥር ምን አለ?

ብዙ ሰው የሞተር መቀመጫ ለመቀመጥ ብቻ ይመስለዋል። ግን መቀመጫው እንደ ሣጥን ክዳንም ያገለግላል። በብዙ ሞተሮች ላይ ከሥሩ ባትሪ፣ ፊውዝ እና የመፍቻ ቦርሳ ይገኛሉ። ባለቤቶችም ሊብሬያቸውን በፌስታል ጠቅልለው እዚያው ያስቀምጣሉ። መቀመጫው አልከፈት ካለ ባትሪ መቀየር የለም፣ የተቃጠለ ፊውዝ ማየት የለም፣ ትራፊክ ፖሊስ «ሊብሬ!» ሲል ማሳየትም የለም።

የሊብሬ ነገር ደግሞ ለእኛ ከተማ ሰው ቀላል አይደለም። እንደምታውቁት ቡራዩ ከአዲስ አበባ ጋር የተያያዘች ናት። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሞተር ሳይክሎች ያለ ፈቃድ በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ ገደብ አውጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለ ሞተር ሁሉ ወረቀቱን በደንብ መያዝ እንዳለበት ያውቃል። ወረቀቱ የማይከፈት ክዳን ሥር ከሆነ ግን እንደሌለ ይቆጠራል።

ቁልፉ እንዴት ይሠራል?

የአያቶቻችንን ቤት በር አስቡ። በሩ ከውስጥ በመቀርቀሪያ ይዘጋል። መቀርቀሪያው ካልተሳበ በሩ አይከፈትም። የሞተር መቀመጫም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ መቀርቀሪያው ትንሽ መሆኑና ከሩቅ በቁልፍ መሳቡ ነው። አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት።

1. የቁልፍ ቤት፦ ቁልፉ የሚገባበት ክብ ነገር ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ በጎን ከመቀመጫው ዝቅ ብሎ ይገኛል። ውስጡ ስስ የሆኑ ትንንሽ የብረት ሳህኖች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ከሥራቸው ጥቃቅን ሞላ አላቸው። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ ሳህኖቹን ሁሉ እኩል ያስተካክሏቸዋል፤ ያኔ የቁልፍ ቤቱ ይዞራል። አንዷ ሳህን እንኳ ከመስመር ከወጣች አይዞርም።

2. ካቦ፦ ከቁልፍ ቤቱ እስከ መቀርቀሪያው የሚሄድ ቀጭን የብረት ገመድ ነው። ልክ እንደ ብስክሌት ፍሬን ገመድ በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ያልፋል። አንዳንድ ሞተር ካቦ የለውም፤ የቁልፍ ቤቱ ራሱ መቀርቀሪያውን ይገፋል።

3. መቀርቀሪያ፦ እንደ መንጠቆ የተጠማዘዘ ብረት ነው። ሁልጊዜ ሞላ እየጎተተ ወደ መዝጊያው ይመልሰዋል።

4. ቀለበት ብረት፦ ከመቀመጫው ሆድ ላይ ተበይዶ ወደ ታች የወጣ ብረት ነው። መቀመጫውን ስንጫነው «ቀጭ!» የሚለው መቀርቀሪያው ይህን ቀለበት ሲይዘው ነው።

ስለዚህ መንገዱ እንዲህ ነው፦ ቁልፍ ይዞራል፣ ካቦ ይሳባል፣ መቀርቀሪያ ይለቃል፣ መቀመጫ ይነሳል። ችግር ሲመጣም ከእነዚህ በአንዱ ላይ ነው። የትኛው እንደሆነ ካወቅን ሥራው ተጋመሰ ማለት ነው።

ለምን ይጣበቃል?

የእኛ ከተማ አየር ለቁልፍ አይመችም። ክረምት ዝናቡ ብዙ ነው፤ ውኃው በቁልፍ ቀዳዳ ገብቶ ብረቱን ያዝገዋል። በጋ ደግሞ አቧራ ነው፤ የድንጋይና የአሸዋ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ይነሳል። አቧራ ከአሮጌ ቅባት ጋር ሲቀላቀል ጭቃ ይሆናል። ያ ጭቃ ሳህኖቹንም መቀርቀሪያውንም ይይዛል። ሌላው ምክንያት እርጅና ነው፦ የቁልፉ ጥርስ ያልቃል፣ ካቦው ይረዝማል ወይም ይበጠሳል፣ ሞላው ይደክማል።

አንድ ሰው የማያስበው ምክንያትም አለ፤ እሱም ጫና ነው። መቀመጫው ሥር ብዙ ዕቃ ከታጨቀ ዕቃው መቀመጫውን ወደ ላይ ይገፋል። ያኔ ቀለበቱ መቀርቀሪያውን አጥብቆ ይጎትተዋል። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ሰበቃ ስንማር ሁለት ነገሮች እርስ በርስ በጣም ሲጫኑ ሰበቃው እንደሚጨምር አይተናል። እዚህም ያው ነው፤ ጫናው ሲበዛ መቀርቀሪያው አልንቀሳቀስ ይላል።

አጎቴ ፌሮ ሲያነሳ

ባለፈው ነሐሴ አንድ ጠዋት የአጎቴ ሞተር ባትሪ ደክሞ አልነሳ አለ። መቀመጫውን ከፍቶ ባትሪውን ሊያይ ቢሞክር ቁልፉ ይዞራል፣ መቀመጫው ግን ንቅንቅ አይልም። የሚያደርሰው ዕቃ በር ላይ ተቀምጧል፤ ባለ ዕቃዋ በየደቂቃው ይደውላሉ። አጎቴ ተናደደና ፌሮ ብረት አምጥቶ መቀመጫውን ሊፈነቅለው ተነሳ።

በዚህ መሃል የሰፈራችን ሞተር ጠጋኝ ደረሱ። እሳቸውን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው።

«ተው ልጄ፣ አስቀምጠው» አሉት። «ይህን ፌሮ ካስገባህ የመቀመጫው ወለል ይሰበራል፣ ቀለበቱ ይጣመማል፣ መቀርቀሪያውም ይበላሻል። አንድ ችግር ይዘህ ሦስት ትገዛለህ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ? አልከፈት አለ እኮ!»

«ወደ ላይ አትሳበው፤ ወደ ታች ተጫነው።»

እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ግራ ገባን። የሚከፈት ነገር እንዴት ወደ ታች ይጫናል? ጋሼ ግን እኔን ጠርተው «ነይ፣ ሁለት እጅሽን እዚህ ጋ አድርገሽ በሙሉ ክብደትሽ ተጫኚ» አሉኝ። ከመቀመጫው ኋላ በኩል፣ ልክ ከመቀርቀሪያው በላይ ማለት ነው። እኔ ስጫን አጎቴ ቁልፉን አዞረ። ጋሼ ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። በሦስተኛው ሙከራ «ቀጭ» አለና ተከፈተ! ሁሉም ነገር አንድ ቡና እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም።

ከሥሩ ምን ተገኘ መሰላችሁ? የዝናብ ልብስ! ተጣጥፎ በመፍቻው ቦርሳ ላይ ተጠቅጥቋል፤ መቀመጫውን ወደ ላይ ሲገፋ የነበረው እሱ ነው። መቀርቀሪያውም ትንሽ ዝጓል። እኔ ስጫነው ግን ቀለበቱ ወደ ታች ወርዶ መቀርቀሪያውን ለቀቀው፤ ሰበቃው ቀነሰ ማለት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለዚህ ነው። የተጣበቀን ነገር ከመጎተታችን በፊት ምን እንደያዘው ማየትና ጫናውን ማንሳት ይቀድማል።

ደረጃ በደረጃ እንዴት እንሞክር?

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼን ደጋግሜ ጠይቄ የሚከተለውን ጻፍኩ። መጀመሪያ ጥንቃቄ፦ ይህን ሥራ ከትልቅ ሰው ጋር ብቻ ሥሩ። ሞተሩ ይጥፋ፣ ይቀዝቅዝ፤ ጭስ ማውጫው ትኩስ ከሆነ እጅ ያቃጥላል። ሞተሩን በደንብ በእግሩ ላይ አቁሙት። ቤንዚን ባለበት ቦታ ክብሪትም ሻማም አይበራም፤ የእጅ ባትሪ ተጠቀሙ። ደግሞ የራሳችሁ ቤት ሞተር ወይም ባለቤቱ አብሮ የቆመበት ሞተር ይሁን። ጋሼ የማያውቁት ሰው «ክፈቱልኝ» ብሎ ከመጣ ባለቤትነቱን ሳያረጋግጡ አይነኩም።

አሁን ቁልፉን አስገብታችሁ ምን እንደሚሰማችሁ አስተውሉ።

ሀ) ቁልፉ አይገባም ወይም ገብቶ አይዞርም።

ችግሩ የቁልፍ ቤቱ ውስጥ ነው። በጉልበት አታዙሩ፤ ቁልፉ እዚያው ተሰብሮ ይቀራል። በመጀመሪያ በቀዳዳው ያለውን አቧራ እፍ በሉት ወይም የብስክሌት መንፊያ ተጠቀሙ። ቀጥሎ እርሳስ አምጡ! አዎ፣ የምንጽፍበትን እርሳስ። ጥቁሩ ክፍል ግራፋይት የሚባል በጣም የሚያዳልጥ ነገር አለበት። የቁልፉን ሁለት ጎንና ጥርሱን በእርሳስ በደንብ አጥቁሩት፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ አስገቡ፣ አውጡ። በቀስታ ወዲህና ወዲያ ነቅነቅ አድርጉት። ሁለተኛ ቁልፍ ካለ በእሱም ሞክሩ፤ ብዙ ያልተሠራበት ስለሆነ ጥርሱ አላለቀም።

ዝገት ካለበት ደግሞ ዝገት የሚያላቅቅ የሚረጭ ፈሳሽ ከመለዋወጫ ሱቅ ይገዛል። ትንሽ ረጭቶ ጥቂት መጠበቅ ነው። ነገር ግን እርሳስና ዘይትን አታቀላቅሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ እንደገና ጭቃ ይሆናሉ።

ለ) ቁልፉ ይዞራል፣ ሲዞር ይከብዳል፣ መቀመጫው ግን አይነሳም።

ይህ የአጎቴ ዓይነት ነው። ካቦው ደህና ነው፤ የተጣበቀው መቀርቀሪያው ነው። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከመቀርቀሪያው በላይ መቀመጫውን ወደ ታች ይጫን። ሌላው ቁልፉን አዙሮ እንደያዘ ይቆይ። የሚጫነው ሰው ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ ያድርግ። በመዳፍ መታ መታ ማድረግም ይረዳል። በመዶሻ ግን አይሆንም። ካልሆነ በመቀመጫውና በአካሉ መሃል ባለው ክፍተት ዝገት የሚያላቅቀውን ፈሳሽ ወደ መቀርቀሪያው ረጭታችሁ ጠብቁና ድገሙት።

ሐ) ቁልፉ ያለ ምንም ክብደት ዝም ብሎ ይዞራል።

ካቦው ተበጥሷል ወይም ከቦታው ወጥቷል። እዚህ ላይ መጫንም መርጨትም አይረዳም። በኋላ ጎማው በኩል ጎንበስ ብሎ ከፓራፋንጎው በላይ በእጅ ባትሪ ማየት ነው። የካቦው ጫፍ ከታየ በፒንሳ ይዞ መሳብ ይበቃል። ካልታየ ጫፉ የታጠፈ ጠንካራ ሽቦ በክፍተቱ አስገብቶ የመቀርቀሪያውን ክንድ መግፋት ይቻላል። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል። በአንዳንድ አሮጌ ሞተሮች ደግሞ መቀመጫው በጎን ባሉ ሁለት ብሎኖች ብቻ የታሰረ ነው፤ እነሱ ሲፈቱ ይወጣል። ይህ ሁሉ ካልሆነ ለመካኒክ ስጡት። መካኒክ የኋላውን ብሎኖች ፈትቶ ከሥር ይደርስበታል።

ከተከፈተ በኋላ

አጎቴ መቀመጫው እንደተከፈተ ደስ ብሎት መልሶ ሊዘጋው ሲል ጋሼ እጁን ያዙት። «አሁን ብትዘጋው ነገም እዚሁ ነን» አሉት። ከዚያ ያደረጉት ይህ ነው።

በመጀመሪያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በትንሽ ነጭ ጋዝ መቀርቀሪያውን ፈተጉት፤ ጭቃው ሁሉ ወረደ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አሹት። በጨርቅ አደረቁት። ቀጥሎ በጣም ትንሽ ግራሶ፣ የጤፍ ፍሬ ያህል ነጥብ ነጥብ እያደረጉ፣ መቀርቀሪያውና ሞላው ላይ ቀቡ። ግራሶ ከበዛ አቧራ ይስባል። በካቦው ሽፋን ጫፍ አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት አንጠባጠቡ።

በመጨረሻ የሠሩት ነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል። መቀመጫው ክፍት እንደሆነ፣ መቀርቀሪያውን በካቻቪቴ ጫፍ ገፍተው «ቀጭ» አስደረጉትና ዘጉት፤ ልክ ቀለበቱ የገባ አስመስለው ማለት ነው። ከዚያ «አሁን በቁልፍ ክፈተው» አሉት። ከፈተ። አምስት ጊዜ ደገሙት፤ አምስቱንም ጊዜ ተከፈተ። ያኔ ብቻ መቀመጫው ተዘጋ። ይህ ፈተና በጣም ብልህ ነው። ቁልፉ ችግር ካለበት መቀመጫው ክፍት እያለ ይታወቃል፤ ከተዘጋ በኋላ ማወቅ ግን ወደ መጀመሪያው ጣጣ መመለስ ነው።

አጎቴ ባትሪውን ሞልቶ ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባ። ባለ ዕቃዋም ተቆጥተው ዝም አሉ እንጂ ሌላ ሰው አልፈለጉም። ሊብሬውን ከዚያ ቀን ጀምሮ በኪሱ ይይዛል።

እንዳይደገም

• ክረምት ሳይገባና ክረምት ሲወጣ መቀርቀሪያውን ማጽዳትና በትንሹ መቀባት፤
• ሞተር ሲታጠብ ውኃውን በቀጥታ ወደ ቁልፍ ቀዳዳው አለመልቀቅ፤
• መቀመጫው ሥር ዕቃ አለመጠቅጠቅ፤
• መቀመጫውን አጥፍቶ አለመወርወር፣ በእጅ ጫን አድርጎ መዝጋት፤
• ሁለተኛ ቁልፍ ሲቀረጽ ካላለቀው ቁልፍ ላይ ማስቀረጽ፤ ካለቀው ላይ ከተቀረጸ አዲሱም ያለቀ ሆኖ ይወለዳል።

ይህን ያውቁ ኖሯል?

መካኒኮቻችን የሚጠሯቸው ብዙ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞላ፣ ዳዶ፣ ግራሶ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን ሁሉም ከዚያ ናቸው። «ዳዶ» በጣሊያንኛ የመጫወቻ ዳይስም ማለት ነው። በአፋን ኦሮሞ ደግሞ ቁልፍ «ፉርቱ» ይባላል። ስለዚህ እዚህ ቡራዩ አንድ ሞተር ሲጠገን ሦስት ቋንቋ ይሰማል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ዝገት ከሚያላቅቁት ፈሳሾች በጣም የታወቀው ደብሊው ዲ 40 ይባላል። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ነው። ስሙ ውኃ የሚያስወግድ ማለት ሲሆን፣ 40 የተባለው በ40ኛው ሙከራ ስለተሳካ ነው ይባላል። ሒሳብ አልወጣ ብሎን በሦስተኛው ሙከራ ደብተር የምንዘጋ ተማሪዎች እናስብበት!

የክበባችን ጥያቄዎች

1. ቁልፉ ያለ ክብደት ዝም ብሎ ከዞረ የተበላሸው የትኛው ክፍል ነው?
2. መቀመጫውን ወደ ታች መጫን ለመክፈት የሚረዳው ለምንድን ነው? በሰበቃ አስረዱ።
3. እርሳስና ዘይት አብረው የማይደረጉት ለምንድን ነው?

መልሳችሁን ከነስማችሁና ክፍላችሁ ጽፋችሁ እስከ ዓርብ ድረስ በሚኒ ሚዲያ ክፍሉ በር ላይ ባለው ሳጥን አስገቡ። በትክክል የመለሱ ተማሪዎች ስም ሰኞ በሰልፍ ሰዓት በድምፅ ማጉያችን ይነበባል። ቤታችሁ ሞተር፣ ብስክሌት ወይም የተጣበቀ የበር ቁልፍ ካለ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ለቤተሰብ አንብቡላቸው። መጽሔቷ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነች ገጿን ሳትቀዱ፣ በደብተራችሁ ገልብጣችሁ ውሰዱ።

ቸር ይግጠመን!